የመንዝ ባና

ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ አገሩም መንዝ ነው። በመንዝ የሞላሌ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ሌሊቱን ጋቢ ብቻውን አይችለውም። ጥጥ ደግሞ በደጋ አይበቅልም፣ ከቆላ ተገዝቶ ይመጣል። በጉ ግን ከደጅ አለ። የመንዝ በግ ቁመቱ አጠር፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ሥጋውን ብቻ የሚያይ ገዢ ግማሽ ጥቅሙን ስቷል።

ጠጉሩ ተሸልቶ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሽመናው የወንድ ሥራ ነው። የሸማኔው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ባናው በቁራጭ ይሠራና ጎን ለጎን ይሰፋል፤ ስፌቱን ጣት ሲዳስሰው ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩም ቡናማውም ነጩም ከበጉ እንደመጣ ነው። ቀን ትከሻ ላይ ይደረባል፣ ማታ ይለበሳል፤ እንግዳ ሲመጣ መደብ ላይ ይነጠፋል።

ኋላ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። የፋብሪካው ምርት ቀላል ነው፣ ለመታጠብም ይመቻል። በጉም ቢሆን ከውጭ ከገባው የአዋሲ ዝርያ ጋር ሲዳቀል፣ ከጠጉሩ ይልቅ በብዛት የሚፈለገው የሥጋው ክብደት ሆኗል።