«አክቹዋሊ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ባለፈው ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ሆሳዕና አካባቢ ወደምትገኘው ሀቢቾ በሄድኩበት ወቅት፣ የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ሪፖርት እንዳይለት ሰጠኝ። ስለ አንድ የውኃ ቦኖ «አክቹዋሊ አገልግሎት እየሰጠ ነው» ይላል። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ይህን አንብቦ «ከዚህ በፊት ተበላሽቶ ነበር እንዴ?» ሲል ጠይቋል፤ ቀጣዩ ክፍያም ማብራሪያ እስኪላክ ቆሟል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ‹በእርግጥ› ለማለት ነው» አለኝ።

የቃሏ ሥር ላቲን ሲሆን ፍቺው «ድርጊት» ነው። ይህ ትርጉም በየመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ ላይ ይታያል፤ «ፕላን» ከሚለው ጎን «አክቹዋል» ይሰፍራል፣ ዕቅድና ክንውን ማለት ነው። «500 ብር ይበቃል ተብሎ ነበር፤ አክቹዋሊ የወጣው 700 ነው» ብንል፣ በአማርኛ «በተግባር የወጣው» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ችግር የለም።

ችግሩ ያለው ቃሏ ለአጽንዖት ስትገባ ነው። በውስጧ «ሌላ ነገር ገምታችሁ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው» የሚል መልእክት ይዛ ትመጣለች። ምሳ የጋበዘችንን ሴት በእንግሊዝኛ «ምግቡ አክቹዋሊ ይጣፍጣል» ብንላት፣ አይጣፍጥም ብለን ነበር የመጣነው ማለታችን ነው። ሥራ አመልካችም «አክቹዋሊ የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ ያልተጠረጠረበትን ነገር ራሱ ያስጠረጥራል።

በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ስትመጣ ደግሞ እርማትን ወይም እምቢታን ታለሰልሳለች፤ የእኛ «ለነገሩ» ይቀርባታል። ድምፅ ከፍ ተደርጎ ከተነገረች ግን «አታውቅም» ወደማለት ትሄዳለች። አለቃን ስናርም ብንተዋት ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ያሰባት «በእርግጥ» ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታገለግለው ለማመን ነው፤ «በእርግጥ ዘግይቻለሁ፤ ግን...» እንላለን። ከግምት በላይ የሆነ ነገር ሲነሳ የሚስማማው «እንዲያውም» ነው። «እኮ» የምትባለው ትንሿ ቃላችንም ሰሚውን እያስታወሰች ወይም እየሞገተች ከሥራው ታግዛለች። እኛ ግን «አክቹዋሊ እኮ» እያልን ሁለቱንም እንደርባለን!

በፈረንሳይኛ የተማሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። የቃሏ ዘመድ የሆነችው «አክቱዌልማን» ትርጉሟ «በአሁኑ ጊዜ» ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ ስድስት ቦታ አገኘናት። አምስቱን ሰረዝን፤ አንዷን የዕቅድና ክንውን ሠንጠረዡ ሥር ተውናት።