ከኢንቾን ወደ ሃዋይ የተሻገሩት ኮሪያውያን

ኮሪያ ሲባል ብዙዎቻችን በ1951 ወደዚያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃን እናስታውሳለን። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ከዚህችው አገር የወጡ ሰዎች በባዕድ ምድር ሌላ ትግል ጀምረው ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ከኢንቾን ወደብ ተነሥተው፣ በጃፓን በኩል አልፈው፣ ጌሊክ በምትባል መርከብ ሆኖሉሉ የደረሱት ጃንዋሪ 13 ቀን 1903 ነው። በ1905 ጕዞው እስኪታገድ ድረስ ሰባት ሺህ ያህል ወገኖቻቸው ተከተሏቸው። ከአገራቸው ያስወጣቸው ችግርና የመንግሥታቸው መዳከም ሲሆን፣ ወደ ሃዋይ የጠራቸው ደግሞ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነበር። በዚያም በቀን 10 ሰዓት ሲደክሙ ውለው ደመወዛቸው አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር።

በ1910 ጃፓን ኮሪያን ጠቅልላ ያዘች። የአሜሪካ ሕግም እስከ 1952 ድረስ ዜግነት ከለከላቸው። ወደ ኋላ ቢሉ መንግሥት የለም፤ ወደ ፊት ቢሉ መብት የለም። ታዲያ ኑሮአቸውን በምን አቆሙት?

በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ይኸውም የጸሎት ቦታ ብቻ ሳይሆን መሰብሰቢያቸውና የልጆቻቸው የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆነ። «ኬ» የሚባለው የአገራቸው ልማድ ከእኛ እቁብ ጋር አንድ ነው፤ ባንክ የማያበድረው ስደተኛ በተራው ገንዘብ አግኝቶ ሱቅ ይከፍትበታል። ከ1910 እስከ 1924 ደግሞ አንድ ሺህ ያህል ሴቶች ፎቶግራፍ ብቻ በመለዋወጥ ታጭተው መጡ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የጠበቃቸው ባል በሥዕሉ ከታየው እጅግ ያረጀ ሆኖ አገኙት። ሆኖም ልብስ እያጠቡና እየሰፉ ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ በ1919ም የርዳታ ማኅበር አቁመው ለአገራቸው ነጻነት ገንዘብ ሰበሰቡ። የወንዶቹ ማኅበሮች በመሪዎቻቸው ጠብ ሲከፋፈሉ እንኳ መዋጮው አልተቋረጠም።

የትውልድ አገሩን የማይረሳ ስደተኛ በአዲሱ አገር ሥር አይሰድም የሚሉ አሉ። ይህ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። ለአገራቸው ነጻነት ያዋጡት እነዚያው እጆች በሆኖሉሉ ቤት ሠርተዋል፤ ሱቅም ከፍተዋል። በ1954 ኢንቾን ውስጥ የቴክኒክ ኮሌጅ ሲቋቋም የሃዋይ ኮሪያውያን ገንዘባቸውን ሰጡ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ትምህርት ቤት «ኢንሃ» ይባላል፤ ስሙ ከኢንቾንና ከሃዋይ የመጀመሪያ ፊደሎች የተገጠመ ነው።