ላም አለኝ በሰማይ፦ የአሜሪካ ሠራተኞች ጡረታ ማን ይክፈለው?

«ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረታችን ለጡረታ ፈንድ የተነገረ ይመስላል። ሠራተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእርጅናዬ የሚሆን ተቀምጦልኛል ብሎ ያምናል፤ ወተቱን የሚጠይቀው ግን ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ላሚቱ ባትገኝስ? ዕዳው የማን ነው? አሜሪካ ከዚህ ጥያቄ ጋር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ታግላለች። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር 1963 ስቱድቤከር የተባለው የመኪና ኩባንያ በኢንዲያና ግዛት፣ በሳውዝ ቤንድ ከተማ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የጡረታ ገንዘቡ ለሁሉም አልበቃም። ቀድመው ጡረታ የወጡትና 60 ዓመት የሞላቸው ነባር ሠራተኞች ሙሉ መብታቸውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆናቸው 4,000 ያህል ነባር ሠራተኞች ግን ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ደረሳቸው፤ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ወጡ። ይህ በደል ባስነሣው ክርክር መነሻነት፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1974 የጡረታ ሕጉን ፈረሙ፤ የጡረታ ዋስትና ኮርፖሬሽንም ተቋቋመ።

ዋስትናው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ብዙ አሠሪዎች በጋራ በሚያዋጡበት ፈንድ ሥር 30 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ፈንዱ ቢደርቅ ኮርፖሬሽኑ የሚሸፍንለት ቢበዛ በዓመት 12,870 ዶላር ነው።

ከእነዚህ ፈንዶች ገናናው በ1955 የተቋቋመው የቲምስተርስ ማኅበር «ሴንትራል ስቴትስ» ነው። በጂሚ ሆፋ ዘመን ገንዘቡ ለላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች ይበደር ነበር፤ ሆፋም ከፈንዱ ጋር በተያያዘ ማጭበርበር በ1964 ተፈርዶበታል። ይሁን እንጂ ከ1982 ወዲህ ፈንዱ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ስለዋለ፣ የኋላውን ውድቀት በሌቦች ብቻ ማላከክ አይቻልም። በ1980 መንግሥት በጭነት ማመላለሻው ዘርፍ ላይ የነበረውን ቁጥጥር አላላ። ውድድሩን ያልቻሉ ኩባንያዎች ሲከስሩ የጡረተኞቻቸው ሸክም በቀሪዎቹ ትከሻ ላይ ወደቀ። በ2007 ትልቁ አዋጪ ዩ.ፒ.ኤስ. 6.1 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ወጣ፤ በዓመቱ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። በመጨረሻም ፈንዱ 1 ዶላር መዋጮ ሲያስገባ ከ3 ዶላር በላይ አበል የሚያወጣ ሆነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መዋጮውን መጨመር ቀሪዎቹን አሠሪዎች ማባረር ነበር። ስለዚህ የ2014ቱ ሕግ የጡረተኞችን አበል መቁረጥን ፈቀደ። ሴንትራል ስቴትስም የ270,000 ያህል ሰዎችን አበል ለመቀነስ አመለከተ። የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር በሜይ 2016 ጥያቄውን ውድቅ አደረገ፤ አንዱ ምክንያት እጅግ ያስገርማል፤ ፈንዱ ከኢንቬስትመንት አገኛለሁ ያለው ትርፍ የተጋነነ በመሆኑ፣ አበሉ ተቆርጦም ፈንዱ አይድንም ነበር! ቀጥሎ የመጣው የብድር ሐሳብ በጁላይ 2019 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔት ቀረ። ጡረታ መክፈል ያቃተው ፈንድ ብድሩን በምን ይመልሳል? የሚለው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም።

በማርች 2021 የወጣው ሕግ በችግር ላይ ላሉት ፈንዶች እስከ 2051 አበል እንዲከፍሉበት የማይመለስ ገንዘብ ፈቀደ። ሴንትራል ስቴትስ በዲሴምበር 2022 ወደ 36 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደለት። በስሌቱ ውስጥ ሙታን ተቆጥረው ስለተገኙም በ2024 127 ሚሊዮን ዶላር መለሰ።

ራሱ ጡረታ የሌለው ግብር ከፋይ ለምን የሌላውን ይከፍላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሾፌሩ ምጽዋት ተቀበለ አልልም፤ ጡረታ ዘግይቶ የሚከፈል ደመወዝ ነው። የገበያውን ሕግ የለወጠውም፣ ደካማውን ዋስትና የደነገገውም መንግሥት ራሱ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ቁስሉን ሸፈነ እንጂ መንሥኤውን አልነቀለም። ጥቂት ሠራተኞች ለብዙ ጡረተኞች የሚያዋጡበት ሥርዓት እንዳለ ነው፤ 2051ም ዛሬ ሥራ ለጀመረ ወጣት ሩቅ አይደለም። ላሚቱን ማዳን የሚቀለው ወተት እየሰጠች ሳለ ነው።