በደጋውና በቆላው መካከል፦ ከሐረር እስከ አዋሽ የሚወስደው መንገድ ታሪክ

ከሐረር ተነሥቶ ወደ አዋሽ ወንዝ የሚወርድ መንገደኛ በየዘመኑ ከሁለት መስመሮች አንዱን ሲመርጥ ኖሯል። አንደኛው መስመር የጨርጨርን ተራሮች ተከትሎ በደጋው የሚያልፍ ሲሆን፣ ውሃ፣ እህልና መንደር አያጣም፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ግን ሰውንም አጋሰሱንም ያደክማል። ሁለተኛው ከተራሮቹ ሥር በስተሰሜን በተዘረጋው ቆላ፣ በአፍደምና በአሰቦት በኩል የሚሄድ ሲሆን፣ ሜዳው ለግመልም ለመንኰራኵርም ይመቻል፤ ሙቀቱ ግን ብርቱ ነው፣ ውሃውም የሚገኘው በረዥም ርቀት ላይ ነው። ዛሬ በመኪና የሚጓዝ ሰው የሐሮማያን ሐይቅ፣ የቁልቢን ከፍታ፣ የጨርጨርን ገደላገደልና የአዋሽን የዱር እንስሳት በአንድ ቀን አይቶ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሊገባ ይችላል፤ መንገዱም ከአገሪቱ ውብ መንገዶች አንዱ ተብሎ ይወደሳል። ይሁን እንጂ መንገዱ ለእይታ ተብሎ የተቀየሰ አይደለም፤ በላዩ ላይ ለመዝናናት የተጓዙበት ዘመንም ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው። ከዚያ በፊት ሐይቁ የሚታሰበው ከብት በማጠጣቱ፣ ተራራው በዳገቱ፣ አውሬው በሚያሳድረው ስጋትና በሚያስገኘው የዝሆን ጥርስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የመንገዱ መነሻ የሆነችው ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዛሬ ከሐረሪ ክልል 9 ወረዳዎች አቦከርን ጨምሮ 6ቱ የከተማ ወረዳዎች ናቸው፤ አዲሱ ከተማም ከግንቡ በስተምዕራብ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ሰፍቷል። በድሮው ዘመን ግን ከተማው ማለት ጀጎል ነበር፤ ይኸውም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የተሠራው ግንብ የሚያቅፈው ክፍል ነው። የግንቡ ጥንታዊ በሮች አምስት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የአንዳንዶቹ የአማርኛ መጠሪያ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ይናገራል፤ ሸዋ በር ወደ ምዕራብ፣ ኤረር በር ደግሞ ወደ ምሥራቁ የኤረር ሸለቆ ያመለክታሉ። በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ ስለዚህ በምሽት የደረሰ ቅፍለት፣ ማለትም ተጠባብቆ በአንድነት የሚጓዝ የነጋዴ ጓዝ፣ ንጋትን የሚጠብቀው ከግንቡ ውጪ ሰፍሮ ነበር።

በእነዚያ ዘመናት የሐረር ፊት የዞረው ከሸዋ ይልቅ ወደ ባሕር ነበር። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ የሚወርደው፣ ጨርቅና ሌላው የባሕር ማዶ ዕቃ የሚወጣው በዘይላ ወደብ በኩል ሲሆን፣ በዚህ መስመር የሚሄድ ባዕድ ነጋዴ ያለ አባን አንድ እርምጃ አይራመድም ነበር። አባን የሚባለው በየጎሣው ግዛት መንገደኛውን በዋስትና ተቀብሎ የሚያሳልፍ የአገሬው ጠባቂ ሲሆን፣ ለአገልግሎቱ ዋጋ ይከፈለዋል፤ መንገደኛው ቢጠቃም ደሙ የሚፈለገው ከአጥቂውና ከወገኑ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦም ወጣ። ከተራራው ግርጌ ያለችው ገልደሳ ደግሞ የግመሉ አገር አልቆ የበቅሎና የአህያው አገር የሚጀምርባት ቦታ ነበረች፤ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በአጋሰስ ላይ ይጫናል፣ በዚያው ኬላም ቀረጥ ይከፈላል። በ1868 ዓ.ም. ሐረርን የያዘው የግብፅ ጦርም ከባሕር የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

የምዕራቡ መንገድ ዋና የሆነው ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ከሄዱ በኋላ ነው። በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር የሐረሩን የአሚር አብዱላሂን ጦር ጨለንቆ ላይ ድል አደረገ፤ ጨለንቆ ከቁልቢ በስተምዕራብ በዚያው የደጋ መስመር ላይ የምትገኝ ናት። ከድሉ በኋላ የሐረር አስተዳደር ለደጃዝማች፣ ኋላም ራስ፣ ለተባሉት መኰንን ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በጨርጨር በኩል የሚያልፈው መንገድ ግብርና መልእክት የሚመላለስበት የመንግሥት መንገድ ሆነ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለምኒልክ ያመጣውን የጦር መሣሪያ ዋጋ ሐረር ላይ ከመኰንን እንዲቀበል ስለታዘዘለት፣ ከአገሩ ልጅ ከዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በዚህ መንገድ ተጓዘ። ከግጥም ከተለየ ብዙ ዓመት የሆነው ራምቦ ስለ ጉዞው የተወው ማስታወሻ ቦታና ርቀት፣ ውሃና ገበያ የሚዘረዝር የነጋዴ ማስታወሻ ነው። በ1886 ዓ.ም. የተጀመረው 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ሲያገናኝ፣ ቃል ከቅፍለት ቀድሞ የሚደርስበት ዘመን ተጀመረ።

የሲራራ ነጋዴው፣ ማለትም ከአገር አገር እየዞረ የሚነግደው ሰው፣ ቀኑን የሚቆጥረው በሰፈር ነበር። ሰፈር የሚመረጠው ውሃና ግጦሽ ባለበት በመሆኑ ሐሮማያ፣ አዴሌና ፊንቅሌ የተባሉት የሐረር አካባቢ ሐይቆች የታወቁ ማረፊያዎች ነበሩ። ጠዋት ጭነት ይጫናል፤ ፀሐይ ሳትበረታ ዳገቱ ይወጣል፤ ከዚያ ኮርቻው ይወርድና የበቅሎው ጀርባ ይታያል፤ ጀርባው የተላጠ አጋሰስ በሚቀጥለው ቀን አይጫንምና ሸክሙ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ኬላ ላይ ቀረጡን የሚቆጣጠረው ነጋድራሱ፣ ማለትም የነጋዴዎች አለቃ፣ ሲሆን፣ ብዙ ነጋዴዎች ከዳገቱ ይልቅ ያማረሩት የኬላውን ብዛት ነበር።

መንገዱ ለባለሥልጣኑም ቢሆን ምሕረት አልነበረውም። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመው ወደ ቁልቢ ከተመለሱ በኋላ በመጋቢት ወር በዚያው አረፉ። ቁልቢ እርሳቸው ከዐድዋ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ስለት ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት ቦታ ናት ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከመላ አገሪቱ የሚጎርፈው ምእመንም ይህን የደጋ መንገድ ከማንም ይልቅ በብዛት ይጓዝበታል። ልጃቸው ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ደግሞ በ1907 ዓ.ም. ከወዳጆቻቸው ጋር በጀልባ ሐሮማያን ሲሻገሩ ጀልባዋ ውሃ አስገብታ ሰጠመች። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ ተረፉ፤ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ግን ሰጥመው ቀሩ። የኋለኛው ትውልድ ደረቅ ጭቃ አድርጎ ያየው ሐይቅ በዚያ ዘመን ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው ለማስታወስ ይህ አንድ አደጋ ይበቃል።

የባቡሩ መምጣት የሁለቱን መስመሮች ሚዛን ገለበጠው። በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በተሰጠው ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ በመጀመሪያው ደረጃ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከቆላው እስከ ሐረር ደጋ የሚወጣው ተራራ ሐዲድ ለመዘርጋት እጅግ ውድ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ ከተራራው ሥር እንዲቀር ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የቆመበት ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሙ ጸና። ከዚያ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ በአዋሽ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ጥቂት ቀናት ሲወርድ ዘይላ ከሰመች፣ ገልደሳ ተረሳች፣ የጨርጨርም መንገድ የየአካባቢው ሰው ገበያ የሚወጣበት ጎዳና ሆኖ ቀረ። ሐረር ከባቡሩ የምትገናኘው በደንገጎ ቁልቁለት ብቻ ነበር፤ ደንገጎ ከሐረር የሚመጣው መንገድ አንዱ ክንድ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ሌላው ወደ ቁልቢ የሚታጠፍበት የተራራ ጫፍ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ከኋላው ነፋሻማውን ደጋ፣ ከፊቱ ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ በሙቀት የደበዘዘውን ሜዳ ያያል፤ ባቡሩ ለምን ሐረር እንዳልወጣ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የደጋው ሕዝብ ግን ፈጽሞ አልተዘነጋም። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ዓ.ም. ጨርጨር የአዲስ አስተዳደር መሞከሪያ፣ በወቅቱ አነጋገር አርአያ የሚሆን አውራጃ፣ እንዲሆን ታስቦ በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ገዥ ሆነው ተሹመዋል። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ የዚህ ሙከራ ማዕከል ነበረች። ሙከራው በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ተቋረጠ። ጣሊያኖች ለመኪና የሚሆን መንገድ ማደላደላቸው እውነት ነው፤ የሠሩት ግን ለራሳቸው ጦር ነበርና፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ በጅጅጋ፣ በማርዳ በርና በባቢሌ አድርጎ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሐረርን ሲይዝ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ያንኑ መንገድ ራሳቸው በፈንጂ አፈረሱት። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከዚያ በኋላ የአገሪቱን መንገዶች በኃላፊነት ተረከበ።

አውሬውና ሐይቁ «መስህብ» የሚል ስም ያገኙት መኪና ከተለመደ በኋላ ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተመሥርቶ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ፤ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክልል ዋናው አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲዱ አቋርጠውት ስለሚያልፉ፣ ረዣዥም ቀጥ ያሉ ቀንዶች ያሉትን ሳላ ለማየት ከመኪና መውረድ እንኳ የማያስፈልግበት ጊዜ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ በ1962 ዓ.ም. የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተቋቋመ፤ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መጠለያ ዝሆኖቹ እንደ ወቅቱ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች መካከል የሚመላለሱበት ነው። ለዘመናት ጥርሱን በሐረር በኩል ወደ ባሕር ሲልክ የኖረው ምሥራቅ፣ ዝሆኑን በሕግ የጠበቀው ከዝሆኑ ጥቂት ከቀረ በኋላ መሆኑ ነው። ጥበቃውም ዋጋ የከፈለ ሰው አለው፤ ከረዩ የተባሉት አርብቶ አደሮች በአዋሽ ዳር የነበራቸውን የበጋ ግጦሽ በአንድ በኩል ለፓርኩ፣ በሌላ በኩል ለመተሐራው የስኳር እርሻ አጥተዋል። ስለ አዋሽ ውበት የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ሳይጠቅሱ ያልፋሉ፤ ይህ ተገቢ አይደለም።

መንገዱ በሐይቆቹ ላይ ያደረሰው ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግር ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረሰ ዋጋውን የሚያጣ ቅጠል በመሆኑ የጫት ንግድ ሕልውናው በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ አስፋልቱ፣ ባቡሩና አውሮፕላኑ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ በአጭር ጊዜ ማድረስ ሲችሉ፣ በሐረርና በሐሮማያ መካከል ያለችው አወዳይ የታወቀች የጫት ገበያ ሆነች፣ ገበሬውም ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ጫቱንና አትክልቱን በበጋ ለማጠጣት ሞተሮች በሐሮማያ ዳርቻ ተደረደሩ፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል የሐይቁን ወለል ከፍ አደረገው፤ ሐረር ከተማም የመጠጥ ውሃዋን ከዚያው ትቀዳ ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በሞተር ወደ ላይ ማስገፋት ግድ ሆነባት። ዘግይቶ በተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ውሃው ዳግም ወደ ሐይቁ ተመልሷል። በመንገዱ ሌላኛው ጫፍ፣ መተሐራ አጠገብ፣ የተፈጸመው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እስኪሆን ሰፋ፤ ለዚህም በአካባቢው የተስፋፋው የመስኖ እርሻና ከመሬት ውስጥ የሚመነጨው ውሃ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻ አይጠቅምም፤ አውራ ጎዳናውና ሐዲዱም እንዳይዋጡ በሙሌት ከፍ እየተደረጉ ኖረዋል።

በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የመረጠው የቆላውን መስመር ነው፤ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ያልፋል እንጂ ወደ ሐረር አይወጣም። በባቡር የመጣ የሐረር እንግዳ እንደ 1895 ዓ.ም. ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ የደንገጎን ዳገት በመኪና ይወጣል፤ በደጋው መምጣት የፈለገ ግን ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ወጥቶ በሂርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ አድርጎ ይገባል።