አዋጅ ያልጨረሰው ሥራ



ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት ስሟ የሚነሳው ከሴባስቶፖል መድፍ ጋር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ከባሕር ማዶ ከመጠበቅ ይልቅ እዚሁ አገር ቤት ለማሠራት ቆርጠው በ1850ዎቹ ዓ.ም. ጋፋት ላይ የብረታ ብረት ማቅለጫ አቋቋሙ። ወንጌል ለማስተማር የመጡትን እነዋልድማየርንና ሌሎች አውሮፓውያን ባለሙያዎችን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ከብዙ ሙከራ በኋላ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሠራዊቱ መንገድ እየጠረገ፣ በጉልበቱ እየጎተተ አደረሰው።

ይህን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። ጋፋት ላይ ከአውሮፓውያኑ ጋር እሳት ዳር የዋሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞችም ይገኙባቸዋል። የዋልድማየር ስም በመጻሕፍት ተጽፏል። ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ ጭቃ ያቦኩት ሰዎች ስም ግን አይነሳም።

በዚያ ዘመን በእጁ ሥራ የሚተዳደር ሰው ይናቅ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ርስት ያልነበራቸው ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር። ማረሻውን የሚያበጀው እሱ፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራው እሷ ሆነው ሳለ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እየተባለ ይወራባቸው ነበር። ገበያ ላይ ዕቃቸው ይፈለጋል፤ ማዕዳቸውና ጋብቻቸው ግን አይፈለግም።

ጋፋት ይህን ነገር ግልጥልጥ አድርጋ ታሳያለች። ብረት ያቀለጠው አውሮፓዊ ከንጉሡ ሽልማትና ክብር አገኘ፤ ዋልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። ያንኑ ብረት የቀጠቀጠው የአገራችን ሰው ግን ጠይብ እንደተባለ ቀረ። ሥራው አንድ ነው፤ የተለያየው የሠሪው ዘር ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ግን ጀበናውን ገዝተን የሠራችውን ሴት ከደጅ የምንሸኝበት ቤት ዛሬም አለ። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ተብሎ ጎረቤት ይጠረጠራል። ሠርግ ሲታሰብ «እሷ እኮ ከነእንትና ወገን ናት» የሚል ሹክሹክታ ይነሳል። አዋጁ በአደባባይ የሚሰማውን ስድብ ከለከለ፤ በጓዳ የሚነገረውን ግን አልደረሰበትም።

ንቀት ደግሞ ስሙን እየቀየረ ሰውን ይከተላል። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰዱ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በምስጢር እንደሚደፋ ሲሰሙ እያለቀሱ አደባባይ ወጡ። እዚህ በእጃቸው ሥራ የተናቁት እዚያ በቆዳቸው ተናቁ።

በአሜሪካም የወገናችን ደም በዚሁ ምክንያት ፈስሷል። የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1859 ከአሜሪካ ግዛቶች ጋር ሲቀላቀል ሕገ መንግሥቱ ጥቁር ሰው መጥቶ እንዳይሰፍር ይከለክል ነበር። ጊዜው እኛ ዘንድ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ክልከላው የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ሕጉ ተሰርዞ 62 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በዚያው ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ መንገድ ላይ ተገደለ። ለትምህርት የሄደ ሰው ነበር። ፀጉራቸውን የተላጩ ሦስት ነጭ ወጣቶች አጠቁት፤ አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ራሱን መታው። ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ ጥቁር መሆኑ ግን በቃቸው።

ገዳዮቹ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በቤተሰቡ ስም በቀረበው ክስ፣ ወጣቶቹን በጥላቻ ሲቀሰቅስ የነበረው ቶም ሜትዝገርና ግብረ አበሮቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደ። የከተማዋ ሰዎች ግን ፍርዱ በቂ ነው ብለው ዝም አላሉም። በ30ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ተሰብስበው ስለ ሙሉጌታና ስለ ዘረኝነት ተወያዩ። በተገደለበት ሰፈር በሚገኙ የመንገድ ምልክቶች ላይም ስሙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ተሰቀለ። እዚያ የሚያልፍ ሰው ፊደላችንን አይቶ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወሬውም ከዚያ ይቀጥላል።

የሙሉጌታን ሞት የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አዝኗል። ሐዘናችን እውነተኛ የሚሆነው ግን በደጃችን ያለውንም ስናይ ነው። ሰው በቆዳው መናቁ ግፍ ከሆነ፣ ሰው በአባቱ ወናፍና በእናቱ ሸክላ መናቁም ግፍ ነው።

እኛ ሴቶች የማኅበረሰብ ውይይት እናውቃለን። ስለ ኤችአይቪና ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ቡና አፍልተን ተነጋግረናል። መጀመሪያ ቀን አፍረን መሬት መሬት እያየን፣ ውሎ አድሮ ግን አፋችንን ፈትተን። አዋጅ የማይደርስበት ጓዳ በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ይህንንም ጉዳይ በቡናችን ላይ እናንሳው። ሦስት ጥያቄዎች ለመጀመሪያ ይበቃሉ። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የሠራችው እኅታችን ክርስትናና ተዝካር ስንደግስ ትጠራለች? ብድር ስትጠይቅ ዋስ የሚሆናት ከመካከላችን አለ? ልጃችን ልጇን ቢወድ ምን እንላለን?

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። የሸክላ ሥራችንን ፎቶ ስታወጡ፣ እሺ ካለች የሠራችውንም ሴት ስም ጻፉልን። ሴባስቶፖልን በሠሩት ላይ የደረሰው መረሳት በእሷ ላይ አይድረስ።