ድረ ገጽ በፍለጋ እንዲገኝ ምን መደረግ አለበት? በባንኮ ጎቲቲ ቡና ምሳሌነት የቀረበ ማብራሪያ

ድረ ገጽ ከፍተው በጉግል ሲፈልጉት የሚያጡ ነጋዴዎች፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ላኪዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ገጹ ለምን አይወጣም? ቀዳሚ ሆኖ እንዲወጣ ይከፈላል ወይ? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይህ ማብራሪያ ለእነዚህና ለተያያዥ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ምሳሌው በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ ወረዳ ከምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ የተወሰደ ቢሆንም ምክሩ ለሆቴል፣ ለጋራዥም ሆነ ለግል ክሊኒክ ድረ ገጽ ያገለግላል።

ባንኮ ጎቲቲ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው የግል አቅራቢዎች ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለነበር፣ የገደብ ቡና «ይርጋጨፌ» በሚለው ሰፊ ስም ሥር ይጠቃለል፣ የቀበሌውና የማጠቢያ ጣቢያው ስም ግን መንገድ ላይ ይቀር ነበር። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ የተደረጉት ለውጦች ቡናው ምንጩን ይዞ እንዲሸጥ ሰፊ ዕድል ሰጥተዋል። ዛሬ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች «ባንኮ ጎቲቲ» የሚለውን ስም በከረጢቶቻቸው ላይ ያትማሉ። ይሁን እንጂ ስሙን በላቲን ፊደል ጽፎ የሚፈልግ ሰው በብዛት የሚያገኘው የእነዚሁ የውጭ ድርጅቶችን ገጽ ነው። ቡናውን ያመረተው፣ ያጠበውና በማድረቂያ አልጋ ላይ ያገላበጠው ወገን የራሱ ገጽ ከሌለው ወይም ገጹ ከማይታይ ገዢው በቀጥታ ሊያገኘው አይችልም።

ገጹ ጭራሽ የማይወጣው ለምንድን ነው?

የፍለጋ ሞተር ሥራውን የሚያከናውነው በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማያያዣዎች እየተዘዋወረ ያነባል፤ ቀጥሎ ያነበበውን በመዝገቡ ያስገባል፤ በመጨረሻም ሰው ሲጠይቅ ከመዝገቡ ውስጥ ይመርጣል። በመዝገቡ ያልገባ ገጽ ምንም ያህል ቢያምር አይገኝም። ገጹ መግባቱን ለማወቅ በጉግል መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ «ሳይት» የሚለውን ቃል በትንንሽ ፊደላት ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አስከትሎ፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ የድረ ገጹን አድራሻ መጻፍ ይቻላል። ምንም ውጤት ካልመጣ ገጹ አለመመዝገቡን ያመለክታል።

የዚህ መንስኤ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ወርድፕሬስ በተባለው ሥርዓት በተሠሩ ድረ ገጾች ላይ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አንድ ምልክት ማድረጊያ ሣጥን አለ። ባለሙያው ሥራው እስኪያልቅ ምልክት ያደርግበታል፣ ሥራው ሲጠናቀቅ ይረሳዋል። ሌላው ምክንያት ወደ አዲሱ ገጽ የሚያመራ አንድም ማያያዣ አለመኖሩ ነው። ለዚህ መፍትሔው ጉግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን ነፃ አገልግሎት መክፈት፣ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ ማስገባትና መጠበቅ ነው። ምዝገባው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

የስም አጻጻፍ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ ይህ ነው። «ጎቲቲ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ይለያያል፤ አንዱ «ጎቲቲ» ሲል ሌላው «ጎቴቴ» ተብሎ በሚነበብ አጻጻፍ ይጽፈዋል። ይርጋጨፌ አንዳንዴ በአንድ ቃል፣ አንዳንዴ በሁለት ቃል፣ አንዴ በአንድ «ፍ» አንዴ በሁለት ይጻፋል። በአማርኛም ቢሆን ጌዴኦ፣ ጌዲኦ፣ ጌዲዮ የሚሉ አጻጻፎች አሉ። በድምፅ የሚመሳሰሉት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ሲጨመሩበት አንድ ቃል በርካታ መልክ ይኖረዋል። ፈላጊው የትኛውን እንደሚጽፍ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

በመሆኑም ባለ ድረ ገጹ አንድ ቋሚ አጻጻፍ መርጦ በርዕስ፣ በአድራሻ፣ በደረሰኝና በናሙና ከረጢት ላይ ሁሉ በዚያው መጠቀም ይኖርበታል። የቀሩትን አጻጻፎች ደግሞ «አካባቢው በሌላ አጻጻፍ እንዲህ ይባላል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይበቃል። ስሞቹን በገጹ ግርጌ ሃምሳ ጊዜ መደርደር ወይም በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም መደበቅ በፍለጋ ሞተሮች ደንብ የተከለከለ ማጭበርበር ስለሆነ ገጹን ዝቅ ሊያደርገው ወይም ሊያሰርዘው ይችላል። ቁልፍ ቃላትን በገጹ የኮድ ራስጌ ውስጥ መዘርዘርም ከንቱ ድካም ነው፤ ጉግል ይህን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ይህንኑ ዛሬም በክፍያ የሚሠሩ መኖራቸው የሚያስገርም ነው።

ለእያንዳንዱ ገጽ የሚሰጠው ርዕስም ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። በፍለጋ ውጤት ላይ በትልቁ የሚታየው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ይኸው ሲሆን፣ በብዙ ድረ ገጾች ላይ «መነሻ ገጽ» ወይም «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ይቀራል። «የታጠበ ቡና ከባንኮ ጎቲቲ፣ ገደብ ወረዳ፣ ጌዴኦ» የሚል ርዕስ ለፈላጊው ብዙ ይነግረዋል።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይርጋጨፌ የሚለው ስም በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በኢትዮጵያ መንግሥት ስም የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። ከአካባቢው ያልመጣን ቡና ፈላጊ ለመሳብ ብቻ በዚህ ስም ማስተዋወቅ የፍለጋ ስልት ሳይሆን ገዢን ማሳሳት ነው፤ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ምስል እንጂ ጽሑፍ የሌለው ገጽ

በርካታ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን፣ የዋጋ ዝርዝራቸውንና አድራሻቸውን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስካን አድርገው ይለጥፋሉ። ይህን የሚያነብ ሰው ይረዳዋል፤ የፍለጋ ሞተሩ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያነበው በፊደል የተተየበን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ በምስሉ ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር ከምስሉ ሥር በጽሑፍ መደገም አለበት። የቴሌግራም ቻናልም ለደንበኞች ዜና ለማድረስ ጠቃሚ ቢሆን ድረ ገጽን አይተካም።

ሳይስተዋል የሚያልፍ ሌላ ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የፊደሉን መልክ በላቲን ኮድ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለኮምፒዩተሩ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ጥርቅም ነው። የቆየ ሰነድ ወደ ድረ ገጽ ሲገባ አንድ መስመር ገልብጦ በመፈለጊያ ሣጥን ውስጥ መለጠፍ ያጣራዋል፤ አማርኛው ከተበላሸ ሰነዱ እንደገና መተየብ ወይም መቀየር አለበት።

ምን ይጻፍ?

ገዢ የሚፈልገው የማጠቢያ ጣቢያውን ስም፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ ቡናው የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን፣ የምርት ዘመኑን፣ ዝርያው እንደ ኩሩሜ ወይም ወሊሾ ያለ የአካባቢ ስም ካለው ያንኑ ነው። «ጥራት ያለው ምርጥ ቡና» የሚለው ሐረግ በሺህ ገጾች ላይ ስለሚገኝ ማንንም ከማንም አይለይም። መረጃው ወቅታዊ መሆን ይገባዋል፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላም አድራሻቸውን በቀድሞው ክልል ስም ያስቀሩ ገጾች አሉ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ለአካባቢው ገጾች ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው፣ ፈላጊም ያለው መረጃ ነው።

ገዢዎች የማሳውን መገኛ መጠየቃቸው እየተለመደ መጥቷል። ይህ ማለት ግን የአርሶ አደሮችን ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የማሳ መገኛ ነጥብ ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ ገጽ ላይ መለጠፍ ማለት አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ስላለ እንዲህ ያለው ዝርዝር ለሚመለከተው ገዢ ብቻ በተናጠል ሊሰጥ ይገባል።

ጉግል የድረ ገጾችን ይዘት በቅድሚያ የሚመዝነው በስልክ ላይ በሚታየው መልክ ስለሆነ ከባድ ፎቶዎችን መጠናቸውን ቀንሶ መጫን ያስፈልጋል። ከገደብም ሆነ ከዲላ በሞባይል ኢንተርኔት ገጹን ከፍቶ መሞከር ከማንኛውም መለኪያ የተሻለ ፈተና ነው።

ክፍያና ባለቤትነት

በተራ የፍለጋ ውጤት ውስጥ ደረጃ አይሸጥም። ለጉግል የሚከፈለው ማስታወቂያ ለብቻው የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይዞ ይወጣል፤ ክፍያው ሲቆም እሱም ይቆማል። በመሆኑም «አንደኛ እንዲወጡ አደርጋለሁ» የሚል ዋስትና የሚሰጥ ማንኛውም ግለሰብ ወይም ድርጅት በእጁ የሌለውን እየሸጠ ነው። በጉግል ማፕ ላይ የድርጅት ስምና ቦታ ማስመዝገብም ነፃ ነው። ባለሙያ ቀጥሮ ጽሑፍ ማሻሻል፣ ገጽ ማፍጠንና ስሕተት ማረም ግን ተገቢ ወጪ ነው፤ ከመክፈል በፊት የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ከደረጃው ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ባለቤትነት ነው። የድረ ገጹ አድራሻ በሠራተኛው ወይም በሥራ ተቋራጩ የግል ስም ከተመዘገበ፣ ሰውየው ሲለቅ አድራሻውም ለዓመታት የተገነባው ታዋቂነትም አብሮ ሊሄድ ይችላል። በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠው ነጥብ ኢቲም ሆነ ነጥብ ኮም አድራሻ በድርጅቱ ስም መመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉ በኃላፊው እጅ መገኘትና የእድሳት ቀኑ መታወቅ አለበት። ሳይታደስ የቀረን አድራሻ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። አድራሻ መቀየር ግድ ከሆነም ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር ቋሚ ማዛወሪያ እንዲቀመጥ ባለሙያውን ማዘዝ ያሻል።

ሰርች ኮንሶል ሰዎች ገጹን ያገኙት በየትኞቹ ቃላት ፈልገው እንደሆነ ያሳያል። በወር አንድ ጊዜ አይቶ ያልታሰበ አጻጻፍ ከተገኘ በጽሑፉ ውስጥ ማካተት ይቻላል። የዓመቱ ቡና ተሸጦ ሲያልቅ ገጹን መሰረዝ የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ «የዚህ ዘመን ምርት ተሸጧል» የሚል ጽሑፍ ከመገናኛ አድራሻ ጋር ጨምሮ መተው፣ ለአዲሱ ምርትም አዲስ ገጽ ከፍቶ ሁለቱን ማያያዝ የተሻለ ነው።