ስለ ማትሪክስ ብሎኮች ቦታ መለዋወጥ ታሪክ፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ምሳሌ ጋር

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው፣ በቁጥር ስሌት ፕሮግራም ውስጥ የማትሪክስን ብሎኮች ቦታ ማለዋወጥ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚጠቅም ነው። ነገሩ ለብዙዎች የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የራሱ ታሪክ አለው፤ ምሳሌውንም ወደ ውጭ አገር ሳንሄድ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተቋቋመባት፣ ኢንስቲትዩቱም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነባት ከአርባ ምንጭ እናገኘዋለን።

ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮችን በሰንጠረዥ ደርድሮ አንዱን ከአንዱ እያስወገዱ መፍታትን ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያውቁት ነበር። «ማትሪክስ» የሚለውን ቃል በሒሳብ ያስገባው እንግሊዛዊው ጄምስ ሲልቬስተር በ1850 እ.ኤ.አ. ነው፤ አርተር ኬይሊም በ1858 የስሌቱን ሕግ ዘርዝሮ ጻፈ። በ1912 ጀርመናዊው ጌኦርግ ፍሮቤኒዩስ፣ አንዳንዱ ማትሪክስ ረድፎቹና ዓምዶቹ በአንድ ሥርዓት ቢለዋወጡ በአንድ ማዕዘኑ ዜሮ ብቻ የያዘ ብሎክ እንደሚገኝበት አመለከተ። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ደግሞ ይህ አሳብ የሥራ መሣሪያ ሆነ። በ1957 ሃሪ ማርኮዊትዝ የማስወገዱ ተራ በጥንቃቄ ሲመረጥ ዜሮዎቹ እንደሚጠበቁ አሳየ፤ በ1969 ኤልዛቤት ከትሂልና ጄምስ መኪ፣ በ1973 አለን ጆርጅ ልዩ ልዩ የአደራደር ዘዴ አቀረቡ።

አሁን ወደ ሐይቆቹ እንመለስ። ቢላቴ፣ ጊዳቦና ገላና ወደ አባያ ይፈስሳሉ፤ ኩልፎና ሲሌ ወደ ጫሞ ይገባሉ። አባያ ከጫሞ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ በሞላ ጊዜ ትርፉ በኩልፎ በኩል ወደ ጫሞ ይወርዳል፤ የጫሞ ውሃ ግን ሽቅብ ወደ አባያ አይመለስም። ስለዚህ የአባያ እኩልዮሾች የጫሞን ያልታወቁ ቁጥሮች አይጠይቁም። ፕሮግራም ጻፊው ቁጥሮቹን እንደ ደረሱት ቢደረድራቸው ይህ ዝምድና ተበታትኖ ይጠፋል። የአባያን በላይ፣ የጫሞን በታች ቢሰበስብ ግን በቀኝ በኩል ያለው የላይኛው ብሎክ ባዶ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ አባያ አስቀድሞ ለብቻው ይፈታል፤ ውጤቱም ወደ ጫሞ ይተላለፋል።

ጥቅሙን በቁጥር እንመልከት። ባዶ ቦታ የሌለውን የ600 ያልታወቁ ቁጥሮች ማትሪክስ በማስወገድ ዘዴ መፍታት 72 ሚሊዮን ያህል ማባዛት ይፈልጋል። 300፣ 300 ሆኖ በሁለት ብሎክ ሲከፈል ለእያንዳንዱ 9 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 18 ሚሊዮን ይበቃል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሸጋገር የሚጨመረው 90 ሺህ ብቻ ነው። ድካሙ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ ማለት ነው።

ሆኖም መጠንቀቅ ያሻል። ረድፉ ሲዛወር ዓምዱም አብሮ ይዛወራል፤ በእኩልዮሹ ቀኝ ያለው ቁጥርም ረድፉን ይከተላል። በኮምፒዩተር ውስጥም ብሎኮቹን እየገለበጡ ከማመላለስ ይልቅ የተራቸውን ዝርዝር ብቻ መያዝ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 አባያን በንግሥቲቱ ስም «ማርገሪታ» ቢለውም ውሃው ያው ውሃ ነበር፤ እንደዚሁም የተራ መለወጥ መልሱን አይለውጠውም።

መልሱን የሚለውጠው ያለ ማስረጃ የተጻፈ ዜሮ ነው። ከመሬት በታች ሁለቱን ሐይቆች ወዲያና ወዲህ የሚያገናኝ ውሃ ቢገኝ፣ ባዶ ያልነው ብሎክ ባዶ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ግን በፍጥነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። የዚህም ዕዳ የሚያርፈው በሐይቁ ዳር ሙዝ በተከለው ገበሬ ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የብሎኮች አደራደር ከወረቀት በፊት በወንዙ ዳር የሚጀመር ምርመራ ነው፤ ተማሪዎችም ዜሮ ከመጻፋቸው በፊት መሬቱን ቢጠይቁ መልካም ነው እንላለን።